የልጆችን ፎቶ ማሻሻል፦ ከጎጃም ወላጆችና ጀማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በዳንግላ፣ በሞጣና በዙሪያቸው የልጆቻቸውን ፎቶ በስልክ የሚያነሱ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ፎቶን ለሰው አሳይቶ የሚጠቅም አስተያየት ስለማግኘትና ፎቶውን በስልክ ስለማስተካከል ይናገራሉ። አቋማችን ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ ብርሃኑን፣ አቆራረጡንና ቀለሙን እናስተካክላለን፤ ልጁን አንነካም።

ፎቶዬን ለማን ባሳይ «ውይ ሲያምር!» ብቻ ነው የሚሉኝ። ታዲያ ምኑን ላሻሽል?

ዘመድ የሚያየው ልጁን ነው። አያት ፎቶው ቢደበዝዝም የልጅ ልጇን ታውቀዋለች፤ ስክሪኑን ስማ ትመልስላችኋለች። ፍቅሯ ደስ ይላል፣ ለፎቶው ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ልጁን የማያውቅ ሰው ፈልጉ። የሰፈራችሁ ፎቶ ቤት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውንም ቀይሩት። «እንዴት ነው?» የተባለ ሰው ይሉኝታ ይዞት «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ ይልቅ «ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ከኋላ ያለው ቢጫ ጀሪካን ላይ» ከሆነ ችግሩን አገኛችሁት። «ከዚህ ላይ አንድ ነገር ቢወጣ ምን ይውጣ?» የሚለውም ጥሩ ነው። ሰው ካፈረ ደግሞ ሁለት ተቀራራቢ ፎቶ አሳዩትና ያማርጥ፤ ምክንያቱን ሲናገር አስተያየቱ ሳያስበው ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንይ። አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ልጇ ጥጃ አቅፎ ያነሳችውን ፎቶ ለሦስት ሰው አሳየች። አንዱ «የተሰጣው ልብስ ነው ቀድሞ የታየኝ» አላት። ሌላዋ «እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቆርጧል» አለቻት። ሦስተኛው «ከላይ ወደ ታች ስላነሳሽው ልጁ ከጥጃው አንሶ ታየ፤ ቁጭ ብለሽ አንሺው» አላት። የመጀመሪያውን በመቁረጥ አስተካከለችው፤ ፎቶውን ወደ ቁመት ቀይራ ልብሱን ከጎን አስወጣችው። የተቆረጠው እግር ግን በኤዲት አይመለስምና ከወገብ በላይ ቆረጠችው። ሦስተኛው አስተያየት በማግስቱ ጥጃው ሲጠባ ተንበርክካ እንድታነሳ አደረጋት። ከሦስቱ አስተያየቶች ለእሷ ትልቁ ሦስተኛው ነበር። ጥሩ አስተያየት ያለውን ፎቶ ብቻ አያስተካክልም፤ ቀጣዩ ፎቶ ከየት እንደሚነሳም ያሳያል።

የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ላይ አስተያየት ስጡ ስባል ምን ልበል? ሰው ማስቀየም እፈራለሁ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ቃሉን፣ ቤቱን፣ ምስጢሩን እያየ ያርማል። እርማቱ ቅኔው ላይ ነው፤ ተማሪው አይናቅም፣ አያፍርም። የፎቶ አስተያየትም በዚሁ ልማድ ቢሄድ መልካም ነው።

በመጀመሪያ አንሺው ምን ሊያሳይ እንደፈለገ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ሳቁን ነው ወይስ የፈረሱን ጌጥ ነው ሊያሳዩ የፈለጉት?» ካላችኋቸው በኋላ የምትናገሩት ሁሉ ቦታውን ያገኛል። ቀጥሎ የተሳካውን በስሙ ጥሩት፤ «ቆንጆ» ብቻ አትበሉ። «ዓይኑ ውስጥ የበሩ ብርሃን መታየቱ ሕይወት ሰጥቶታል» ማለት ይበልጣል። ከዚያ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሚታረም ነገር ንገሩ። ዘጠኝ ስህተት የተቆጠረበት ጀማሪ ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ማንሳቱን ይተዋል።

ስለ ልጁ መልክ ግን አንድም ቃል አይነገር። «ከሳ»፣ «ጥርሱ ወጣ ያለ ነው»፣ «ጠቆረች» የሚሉት የፎቶ አስተያየቶች አይደሉም። ልጆች ደግሞ አጠገባችን ሆነው ይሰማሉ።

ለጥምቀት ነጭ ለብሳ ሳነሳት ልብሷ ይታያል፣ ፊቷ ግን ይጠቁራል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ቀሚስና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁራል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ፊት ነው። ከኋላዋ ጣና ካለ ይብሳል፤ ውኃው ራሱ ያበራልና።

መፍትሔው ከማንሳት ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣታችሁ ንኩ። በአብዛኛው ስልክ አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ላይ ስትገፉት ፊቷ ይበራል። የቀሚሱ ጥለት መጥፋት ሲጀምር ቁሙ። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ ምንም ቢደረግለት ዝርዝሩ አይመለስም፤ በመጠኑ የጨለመ ፊት ግን በኤዲት ይነሳል። ከሁለቱ ጥፋት ጨለም ያለው ይሻላል።

ሌላው ዘዴ ከቤታችሁ አለ። ልጅቷ ጥላ ውስጥ ቆማ አንድ ሰው ከፊቷ ዝቅ ብሎ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ዘርግቶ ይያዝ። ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ ከአገጯና ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ ያነሳዋል። ባለሙያዎች በገንዘብ የሚገዙት አንጸባራቂ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ፎቶው አስቀድሞ ከተነሳና ፊቷ ከጠቆረ፣ ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ «ቲዩን ኢሜጅ» ውስጥ ገብታችሁ «ሻዶውስ»ን (የጨለመውን ክፍል) ከፍ፣ «ሃይላይትስ»ን (የበራውን ክፍል) ዝቅ አድርጉ። ቀጥላችሁ በ«ሴሌክቲቭ» ፊቷ ላይ ነጥብ አኑሩ፤ በሁለት ጣት ክቡን ፊቷን ብቻ እንዲሸፍን አጥብቡትና ብርሃኑን በጥቂቱ ጨምሩ። ብዙ ከጨመራችሁ ፊቷ ከአንገቷ ተለይቶ ይታያል። ያን ጊዜ ግማሹን መልሱት።

ስንት ሰዓት ላይ ባነሳ ይሻላል?

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመጣ የፊት ቅርጽ ይወጣል፣ ቀለሙም ሞቅ ይላል።

ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ከፍ የምትለው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች። ከፍታውም አለ፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ጥላው ይጠቁራል፣ ብርሃኑም ይከርራል። በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ ልጁን ወደ ዋርካ ጥላ ወይም ወደ ደጅ ክፈፍ ውሰዱት፤ ፊቱን ግን ወደ ክፍት ሰማይ አዙሩት። በቅጠል መካከል የሚያልፍ ዝንጉርጉር ብርሃን ፊቱ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ያንን ነጠብጣብ በኤዲት ማጥፋት አድካሚ ነው።

ክረምትን አትናቁ። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ብርሃኑን አለስልሶ ለፊት የሚመች ያደርገዋል። የቡሄ ልጆች በጭቃው መካከል ሆያ ሆዬ ሲሉ ከቀትር ፀሐይ ይልቅ በደመና ጥርት ብለው ይወጣሉ።

ቤት ውስጥ የማነሳው ሁሉ ብዥ ይላል።

ብርሃኑ ስላነሰ ካሜራው የብርሃን መግቢያውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይቆያል፤ ልጁ ደግሞ አይቆምም። ለሚሮጥ ልጅ 1/500 ሰከንድ፣ ተቀምጦ ለሚጫወት 1/125 ገደማ ያስፈልጋል። ስልካችሁ «ፕሮ» የሚል ሁነታ ካለው ይህንን ራሳችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ከሌለው ብርሃኑን ማብዛት ነው። ልጁ ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ፤ እናንተ በሩን ሳትጋርዱ ከጎን ሁኑ። አምፖሉን አጥፉ፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲደባለቁ ግማሽ ፊቱ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ፍላሽ አትጠቀሙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ቅቤ ወይም ዘይት በነካ እጅ የተያዘ ስልክ ብርሃኑን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል፣ ሰውም ካሜራውን ይወቅሳል።

የትኛውን መተግበሪያ ልጠቀም? ከምን ልጀምር?

ለጀማሪ ስናፕሲድ ይበቃል። የጉግል ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። «ላይትሩም» የሚባለው የበለጠ ኃይል አለው፣ ጥቂቱ መሣሪያ ግን በክፍያ ነው። የአዝራሮቹ ቦታ እንደ ስሪቱ ሊለያይ ይችላል፤ ሥራው አንድ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከመተግበሪያው ይበልጣል። ከመቁረጥ ጀምሩ። አድማሱ ወይም የቤቱ ምሰሶ ከዘመመ አቅኑት፣ የማይጠቅመውን ጠርዝ አስወጡ። ልጁ ወደ ቀኝ እያየ ከሆነ ከቀኙ በኩል ሰፊ ቦታ ተዉለት። በመገጣጠሚያ ላይ፣ ማለትም ጉልበት፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት ላይ አትቁረጡ፤ ከጭን ወይም ከወገብ ላይ ቢቆረጥ አይረብሽም። ሁለተኛው ቀለም ነው፣ ሦስተኛው አጠቃላይ ብርሃን፣ አራተኛው ፊትን ለብቻ ማንሳት። በመጨረሻ «ሂሊንግ» በሚባለው መሣሪያ ትንንሽ ቆሻሻ ይነሳል።

ልጅ ፊት ላይ የማልመክራቸው ሁለት አዝራሮች አሉ። «ስትራክቸር» የቆዳን ቀዳዳ ሁሉ እያጎላ የአምስት ዓመት ልጅን ያስረጃል። «አምቢያንስ» ሲበዛ ደግሞ ቆዳ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ለጮቄ ተራራ ደመና ጥሩ ናቸው፤ ለልጅ ጉንጭ አይሆኑም።

ስታስተካክሉ የስክሪኑን ብርሃን መካከል ላይ አድርጉት፤ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውንም አጥፉት። ስክሪኑ ቢጫ ከሆነ እናንተ ሳታውቁት ፎቶውን ወደ ሰማያዊ ትገፉታላችሁ። ሥራችሁን ስትጨርሱም ወዲያው አትላኩ። አሳድራችሁ ጠዋት ስታዩት የበዛው ሁሉ በግልጽ ይታያችኋል።

ዘጌ ጫካ ውስጥ ያነሳሁት ልጅ ፊቱ አረንጓዴ ሆነብኝ። በድግስ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል።

ብርሃኑ ያለፈበትን ቀለም ይዞ ይመጣል። ዘጌ ላይ በቡና ዛፍና በትልልቁ ዛፍ ቅጠል መካከል የሚያልፈው ብርሃን አረንጓዴ ነው፤ የድግስ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ ሁሉም እንግዳ ሰማያዊ ይሆናል። «ኋይት ባላንስ» (የቀለም ሚዛን) ውስጥ «ቲንት» የሚለውን ወደ ሐምራዊው ስትገፉት አረንጓዴው ይቀንሳል፤ «ቴምፕሬቸር»ን ወደ ሞቃቱ ስትገፉት ሰማያዊው ይቀንሳል። ማመሳከሪያ ከፈለጋችሁ ነጠላ ወይም የዓይን ነጭ ተመልከቱ። ጀርባው ላይ ያለው ቅጠል አረንጓዴነቱ ከጠፋ ግን አልፋችኋል ማለት ነው።

ስልኬ ፊትን ራሱ ያቀላል፣ ያለሰልሳል። ልጄ እንዲህ ስትወጣ ደስ ይላታል። ምን ችግር አለው?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ያሳስበኛል። ብዙ ስልኮች «ቢዩቲ» የሚባለው ሁነታ ተከፍቶ ነው የሚመጡት። ፊት ያቀላል፣ አፍንጫ ያቀጥናል፣ ዓይን ያሰፋል። ትልቅ ሰው አውቆ ቢጠቀምበት ምርጫው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የተቀየረውን ፊቷን እያየች «እንዲህ ነው የሚያምረው» ብላ ትማራለች፤ መስታወት ስታይ የምታገኘው ሌላ ፊት ነው።

ነገሩ ሥርም አለው። የቀለም ፊልም በነገሠበት ዘመን ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያመሳክሩት የፊልም አምራቹ ኮዳክ ባዘጋጀው የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ካርዱ «ሺርሊ» ይባል ነበር። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ መለኪያ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። የስልክ ካሜራዎችም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ችግር አልተላቀቁም። ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማውጣት «ሪል ቶን» ያለውን አሠራር «ፒክስል» በተባለው ስልኩ ላይ ያመጣው ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ ካሜራውን ከፍታችሁ «ቢዩቲ»ውን ወደ ዜሮ አውርዱት። ፎቶውን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ስልኩን ከልጁ ፊት አጠገብ በቀን ብርሃን ያዙት። ጠይሙ ጠይም፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀይ ዳማው ቀይ ዳማ ሆኖ መውጣት አለበት። ብርሃን መጨመርና ማቅላት ይለያያሉ። ብርሃን ስትጨምሩ የጉንጩ ወዝና የግንባሩ ጥላ አብረው ይታያሉ፤ ሲቀላ ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ከጎን በሚመጣ ለስላሳ ብርሃን የሚያወጣውን ወዝ አንዴ ካያችሁ ማቅለያውን አትፈልጉትም።

ንፍጥ፣ ዝንብ፣ ጭረት፣ ጠባሳ፤ የትኛውን ላጥፋ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ የሚጠፋውን ብታጠፉት ቅር የለውም፤ ንፍጥ፣ ዝንብ፣ የትንኝ ንክሻ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ። ከልጁ ጋር የሚኖረውን ግን ተዉት፤ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው ምልክት፣ የጥርስ ክፍተት። ማተቡንም አታጥፉ። አንገት ላይ ያለ ክር መስሏቸው የሚያጠፉ አሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከማንሳታችሁ በፊት እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ የልጁን ፊት መጥረግ ነው፤ ዝንቡም አብሮ ይሄዳል።

«ፖርትሬት» ሁነታ የልጄን ቁንጮ ቆርጦ ያደበዝዘዋል።

ስልኩ ጀርባውን የሚያደበዝዘው ጠርዙን በግምት ለይቶ ነው። ቁንጮ፣ ጋሜና ሹሩባ ቀጭን ስለሆኑ ይሳሳታል፤ የእረኛ ዱላም እንዲሁ ግማሹ ይጠፋል። ሁነታውን አጥፉት፣ ልጁን ከግድግዳው ወይም ከአጥሩ ሦስት አራት ሜትር አርቁት፣ እናንተ ቅረቡት። ጀርባው በራሱ ለስለስ ይላል።

ብዥ ብሎ የተነሳ ፎቶ በኤዲት ይጠራል?

አይጠራም። አንዳንድ መተግበሪያዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት «እናጠራለን» ይላሉ፤ የሚሠሩት ግን ልጁን የሚመስል አዲስ ዓይንና አዲስ ጥርስ ፈጥረው መለጠፍ ነው። ያ የእናንተ ልጅ አይደለም። በተከታታይ ስምንት አሥር አንስቶ አንዱን መምረጥ ይሻላል።

ለፎቶ ቤት በቴሌግራም ልኬ ሳሳጥበው ለምን ተበላሸ?

እንደ ፎቶ ስትልኩት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች) ይወርዳል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር በጥራት ለማተም 1181 በ1772 ፒክስል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 20 በ30 ደግሞ 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልጋል። በ1280ው 20 በ30 ብታሳጥቡ የሚወጣው ብዥታ ነው። «እንደ ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ነገር ግን ፋይል ሲላክ ፎቶው የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በካሜራው ቅንብር ውስጥ የቦታ ምዝገባውን አስቀድማችሁ አጥፉ። ስክሪን ላይ ደህና የሚመስል ፎቶ ወረቀት ላይ ጨለም ብሎ ስለሚወጣም ከመላካችሁ በፊት ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ብዙ ከማሳጠባችሁ በፊት አንድ አሳጥባችሁ እዩ።

በመንገድ ያገኘሁትን እረኛ ወይም ለእንጅባራ ፈረስ ትርዒት የመጣን ልጅ አንስቼ አስተያየት ብጠይቅበትስ?

አስቀድማችሁ «እናትህ የት ናት?» በሉ። የወላጅ ፈቃድ ይቅደም፤ ልጁም ራሱ ይጠየቅ፣ «አይ» ካለ ይበቃል። ፎቶውን ለማንሳት መፍቀድና ለማያውቁት ሰው ለማሳየት መፍቀድ ሁለት ነገር ናቸውና ሁለቱንም ለይታችሁ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ያስከብራል፤ የእረኛውም ልጅ መብት ነው። አንዳንድ እናቶች ዓይን ይነካዋል ብለው ይሰጋሉ። አትከራከሩ፤ «አታሳይብኝ» ካሉ አይታይም።

በዓባይ ዳር ራቁታቸውን የሚዋኙ ልጆችን አታንሱ። የትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ዩኒፎርም ካለ ቆርጣችሁ አስወጡት። ፎቶውን አሳጥባችሁ ለቤተሰቡ ስጡ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የልጁ የመጀመሪያ ፎቶ እሱ ይሆናል።

አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ዋናውን ፎቶ ላጥፋው?

አታጥፉት። ዘንድሮ ያማረ የመሰላችሁን ኤዲት በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ከተስተካከለው ላይ ብትጀምሩ ግን የጠፋው አይመለስም። ስናፕሲድ ላይ ቅጂ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ምረጡ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ በየወሩ ዋና ዋናዎቹን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጡ፣ ማኅደሩንም በልጁ ስምና በዓመተ ምሕረቱ ሰይሙት። ቦታ ካነሰባችሁ የሚጠፉት ብዥ ያሉትና ተደጋጋሚዎቹ ናቸው።